አሮጌ ባንጆ ሲጸዳ ከአቧራው ጋር የሚጠረገው ታሪክ

አንድ የ130 ዓመት ባንጆ ከጣሪያ ሥር ወይም ከምድር ቤት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚታየው ቆሻሻው ነው። ቆዳው ጠቁሯል፣ ብረቱ ዝጓል፣ ክሮቹ ተበጥሰዋል፣ አንገቱ በሰው እጅ ላብና ቅባት ወዝቷል። ባለቤቱ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አያስቸግርም፤ ሳሙና፣ ውሃ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አዲስ ቫርኒሽ። በሁለት ቀን ውስጥ የሚያብለጨልጭ ዕቃ ይወጣል። በዚያው ሁለት ቀን ግን የትም ያልተጻፈ፣ ዕቃው ላይ ብቻ የነበረ ማስረጃ አብሮ ይታጠባል።

ጉዳዩ የአንድ የሙዚቃ መሣሪያ እንክብካቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእንጨት ሠሪዎች መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን አሜሪካ ባንጆን እንደ አገር አንድ ጊዜ አጽድታዋለች። ያ ጽዳት የወሰደው አቧራ ሳይሆን አፍሪካን ነው። በዚያ ታሪክ መሃል ደግሞ፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሳያውቀው፣ የኢትዮጵያ ስም ተጽፎ ይገኛል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባንጆን በአካል ላላየ ሰው፦ ከበሮና ክራር በአንድ ገላ ቢዋሃዱ ባንጆን ይመስላሉ። ክብ የእንጨት ቀለበት፣ በላዩ የተወጠረ ቆዳ፣ ረጅም አንገት፣ አምስት ክር። አራቱ ክሮች አንገቱን ሙሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው አጭር ነው፤ ከአንገቱ አጋማሽ ገደማ ተነሥቶ በአውራ ጣት ይመታል፣ ድምፁም ሳይለወጥ ከዜማው ጋር እየተመላለሰ ይሰማል። ይህች አጭር ክር በኋላ ትልቅ ምስክር ትሆናለች። ባንጆን በፊልም ብቻ ያየ ሰው ደግሞ የሚያስበው ከገጠር ነጭ አሜሪካዊ ጋር ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት። ያ ምስል ራሱ የጽዳቱ ውጤት ነው።

ሃንስ ስሎን የተባለ ሐኪም በ1687 ወደ ጃማይካ ተጉዞ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። በ1707 ባሳተመው መጽሐፍ በባርነት ሥር ያሉ አፍሪካውያን ከቅል ሠርተው፣ አንገት ገጥመው፣ የፈረስ ጭራ ወይም የተላጠ ሐረግ እንደ ክር ወጥረው የሚጫወቱትን መሣሪያ ገለጸ፤ ሥዕሉንም አብሮ አወጣ። የፈረስ ጭራና ቆዳ ሲባል ማሲንቆ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዝምድናው ግን ቀጥተኛ አይደለም፤ የባንጆ አያቶች ያሉት በምዕራብ አፍሪካ ነው። ከ1773 እስከ 1777 በሱሪናም በወታደርነት ያገለገለው ጆን ገብርኤል ስቴድማን አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ ወደ አውሮፓ ይዞ ተመልሷል። ዕቃው ዛሬም በኔዘርላንድስ፣ በላይደን ከተማ ሙዚየም አለ፤ እስካሁን ከሚታወቁት ባንጆዎች በዕድሜ ቀዳሚው ነው።

ቶማስ ጀፈርሰን፣ የነጻነት አዋጁ ጸሐፊና የባሪያዎች ጌታ፣ ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ይህ መሣሪያ ጥቁሮች ከአፍሪካ ይዘውት የመጡት የራሳቸው ነው ብሎ መዝግቧል። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ክርክር አልነበረም። ማንም ያውቅ ነበር። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ጋዜጦች በሚያወጡት የጠፋ ባሪያ ፍለጋ ማስታወቂያ ላይ እንኳ፣ ቁመቱና የፊቱ ጠባሳ ከተዘረዘረ በኋላ፣ ሰውዬው ባንጆ ይጫወታል የሚል መለያ ይጨመር ነበር። ጌታው ሰውየውን ለማስያዝ የተጠቀመበት ምልክት ዛሬ ለታሪክ ሰዎች ማን ይጫወት እንደነበር የሚናገር ሰነድ ሆኗል።

ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ከ1739ኙ የስቶኖ አመፅ በኋላ የወጣው የ1740 ሕግ ባሪያዎች ከበሮና ቀንደ መለከት እንዳይጠቀሙ ከልክሏል፤ ባሪያ አሳዳሪዎቹ የፈሩት ድምፁ ሰው ይጠራል ብለው ነው። ለስላሳ ድምፅ ያለው የቅል መሣሪያ ግን ቀጠለ። በዚያችው ሳውዝ ካሮላይና ከ1785 እስከ 1790 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተሳለ በሚገመት አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ላይ፣ በባርነት ያሉ ሰዎች ሲጨፍሩ አንድ ሰው ከቅል የተሠራ ባንጆ ይዞ ይታያል። መሣሪያው አራት ክር አለው። አንዱ አጭር ነው።

ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ከዚህ ሥዕል በኋላ ቢያንስ 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1810 የተወለደ ጆል ዎከር ስዊኒ የሚባል የቨርጂኒያ ነጭ ስላለ ነው። ስዊኒ በአፖማቶክስ አካባቢ ከጥቁሮች ባንጆ ተማረ፤ በ1830ዎቹ ወደ መድረክ ይዞት ወጣ። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ከሞተ በኋላ ግን አጭሯን ክር የፈለሰፈው እሱ ነው ተብሎ ተነገረ፣ ተጻፈ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ታመነ። የተማሪው ስም የመምህራኑን ሥራ ወረሰ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ባንጆ ግን ቅል አይደለም። ክቡ ገላው ከተጎበጠ እንጨት የተሠራ ነው፤ ቆዳውን የሚወጥሩት ዙሪያውን የተደረደሩ የብረት መንጠቆዎችና ዳዶዎች ናቸው። ይህ አሠራር የመጣው ከከበሮ ሠሪዎች ነው። በ1840ዎቹ ባልቲሞር ውስጥ ዊልያም ባውቸር የተባለ ከጀርመን የመጣ ከበሮ ሠሪ ባንጆን በሱቅ የሚሸጥ ዕቃ አደረገው። ባልቲሞር ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሰፈሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለችም፤ ከቅሉ ወደ ፋብሪካው የተደረገው ጉዞ የተካሄደው ዛሬ እንጀራ በየሱፐርማርኬቱ በሚሸጥበት በዚያው አካባቢ ነው።

ጠጋኙ ሥራውን መጀመር ያለበትም ከእነዚህ መንጠቆዎች ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በፎቶግራፍ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከውስጥ፤ ምንም ሳይነካ። ክሮቹ ካሉ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ዳዶ ግማሽ ዙር ብቻ እየተፈታ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገረ ይላላል፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተፈታ የቆዳው ውጥረት ቀለበቱን ያጣምመዋል። የወጣው ሁሉ ቁጥር በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ይገባል። ይህ የቢሮክራሲ ፍቅር አይደለም። ከሃያ አራት መንጠቆዎች ሦስቱ ቅርጻቸው የተለየ ከሆነ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው መሣሪያውን ጠግኖ መጫወቱን ቀጥሏል ማለት ነው፤ ምናልባትም ገንዘብ ስላልነበረው ከሌላ ዕቃ ነቅሎ። ሁሉም በአንድ ሳህን ቢደባለቅ ያ ወሬ ይጠፋል። ለዝገቱ ቀጭን ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ዝገቱን ያነሣል፣ አብሮ ግን ስሱን የኒኬል ልባጥ ያነሣል፤ የተነሣ ልባጥ አይመለስም።

ቆዳው ዘንድ ሲደረስ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በአብዛኛው የጥጃ ቆዳ ነው። ዝናብ ሲሆን ይላላል፣ ድርቀት ሲሆን ይወጠራል፤ ከበሮ መቺ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ የሚያሞቀው ለዚሁ ነው። ቆዳን በውሃ ማጠብ ማለት ውጥረቱን ማበላሸት፣ ሲደርቅም እንዲሰነጠቅ መጋበዝ ነው። ሻጋታ ካለበት አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ክፍት አየር ላይ፣ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል። ከዚያ በላይ ከተፈለገ የላጲስ ፍርፋሪ በቀስታ ማንከባለል ይቻላል። በቆዳው ላይ ያለው ጥቁር ጥላ ግን ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ተጫዋቹ ትንሽ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አለ፤ ጥፍሩ ወደታች እየመታ ያሳሳው ቦታም አለ። ያን ያየ ባለሙያ ሰውየው በየትኛው ስልት ይጫወት እንደነበር መናገር ይችላል።

በጋምቢያና በሴኔጋል የሚኖሩት የጆላ ሰዎች አኮንቲንግ የሚሉት መሣሪያ አላቸው፤ ገላው ቅል፣ ክሩ ሦስት፣ አንዷ አጭር። ዳንኤል ላእሙዋሁማ ጃታ የተባለው ጋምቢያዊ ተመራማሪ በ2000 አካባቢ ይህን መሣሪያ ለአሜሪካ የባንጆ ሰዎች ሲያሳይ ያስደነገጣቸው ቅርጹ ብቻ አልነበረም፤ በጥፍር ጀርባ ወደታች እየመቱ አጭሯን ክር በአውራ ጣት የማስከተል ስልቱ የአሜሪካ ተራራማ አካባቢ ሽማግሌዎች ከሚጫወቱበት ጋር መመሳሰሉ ነበር። እንግዲህ በአሮጌ ቆዳ ላይ ያለው የተፋቀ ቦታ የእንዲህ ያለ ስልት አሻራ ሊሆን ይችላል። በሳሙና የሚታጠበው ይህ ነው። በቆዳው ውስጠኛ ገጽ ደግሞ አንዳንዴ በቀለም የተጻፈ ስም ወይም ቀን ይገኛል። ቆዳው ተቀዶ መለወጥ ግድ ቢሆን እንኳ አሮጌው አይጣልም፤ በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልሎ ከመሣሪያው ጋር ይቀመጣል።

ከባንጆው ጋር በሳጥኑ ውስጥ አንዳንዴ ያረጁ የኖታ ወረቀቶች ይገኛሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚያስቆመው እዚህ ላይ ነው። ሽፋናቸው ላይ "የኢትዮጵያ ዜማዎች" የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ዝነኛ የዘፈን ደራሲ ስቲቨን ፎስተር ሥራዎች በዚህ ስም ታትመዋል። ስለ ላሊበላ ወይም ስለ ጎንደር አንዲት ቃል የለባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1843 ኒው ዮርክ ውስጥ አራት ነጮች ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ ባንጆ፣ ቫዮሊን፣ ታምቡሪንና የአጥንት ማንኳኳያ ይዘው ጥቁሮችን እያስመሰሉ ሙሉ ትርኢት አሳዩ። ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ ይባላሉ። ትርኢቱ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከተከተሏቸው ቡድኖች አንዱ ራሱን "ኢትዮጵያውያን ሰረናደሮች" ብሎ ሰየመ፤ በ1844 በዋይት ሐውስ በፕሬዚዳንት ጆን ታይለር ፊት ተጫወተ፣ በ1846 እንግሊዝን ዞረ። ከአባላቱ አንድም ኢትዮጵያዊ አልነበረም። አንድም ጥቁር አልነበረም።

ለምን ኢትዮጵያ? በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢትዮጵያዊ ማለት ጥቁር ሰው ማለት ነበር፤ ቃሉ ከግሪክ ሲመጣም ፊቱ የተቃጠለ ማለት ነው። ፊትን በተቃጠለ ቡሽ ለሚያጠቁሩ ሰዎች ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ስም አይገኝም፤ ሆን ብለው ባያስቡትም። አገሪቱን ራሷን አውሮፓውያን በዚያ ዘመን በአብዛኛው አቢሲኒያ ይሏት ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ ሆነው የእንግሊዙን መልእክተኛ ኮርንዎሊስ ሃሪስን በ1841 ተቀብለው ውል ሲዋዋሉ፣ በውቅያኖሱ ማዶ የአገሪቱ ስም የቀልድ ትርኢት ማስታወቂያ ላይ ሊለጠፍ ተቃርቦ ነበር።

ያው ስም በጥቁሮቹ እጅ ፍጹም ሌላ ትርጉም ነበረው። በ1808 ኒው ዮርክ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ከነጮች ተለይታችሁ ተቀመጡ መባልን እምቢ ያሉ ጥቁር ምእመናን የራሳቸውን መሥርተው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አሏት፤ ዛሬም በሃርለም አለች። በ1829 ሮበርት አሌክሳንደር ያንግ ባርነትን የሚያወግዝ ጽሑፉን "የኢትዮጵያ ማኒፌስቶ" ብሎ ሰየመው። መዝሙር 68 ላይ የኢትዮጵያ ስም መኖሩ ለእነሱ የተስፋ ማኅተም ነበር። አንዱ ወገን ስሙን ቀና ብሎ ለመቆም ሲይዘው ሌላው ወገን ለሣቅ ሸጠው። በገበያ ያሸነፈው ሁለተኛው መሆኑን መካድ አይቻልም።

ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ ከባርነት አምልጦ ጋዜጣ ያቋቋመው ታላቅ ተናጋሪ፣ በ1848 እነዚህን ፊት አጥቋሪዎች ተፈጥሮ የነፈገቻቸውን መልክ ሰርቀው ገንዘብ የሚለቅሙ ወራዶች ብሎ አወገዛቸው። በ1849 ግን የበለጠ የሚያም ነገር ገጠመው፤ እውነተኛ ጥቁሮች የሆኑ ሙዚቀኞች የኢትዮጵያውያን ሰረናደሮችን ስም ይዘው፣ እነሱም ፊታቸውን አጥቁረው መድረክ ወጡ። ዳግላስ ሄዶ አያቸውና ጻፈ። ጥቁር ሰው በነጭ ተመልካች ፊት መቆሙን እንደ ትንሽ ድል ቆጠረው፤ ማጋነኑንና የወገናቸውን ማላገጫ መድገሙን ግን አልወደደውም። መተዳደሪያ ለማግኘት የራስን መሳለቂያ ምስል መልበስ፤ አዝማሪን እየጋበዘ አዝማሪን በናቀ ማኅበረሰብ ውስጥ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነው ትልቁ ጽዳት የመጣው። የባንጆውን ቆዳ ላነሣ ሰው በገላው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ የእንጨት ዘንግ ይታያል። በዚያ ዘንግ ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካው ማኅተምና ተራ ቁጥር ታትሞበታል። ጠጋኙ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተጉ በፊት እጁን መሰብሰብ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ማኅተሙ የፊላዴልፊያው ሳሙኤል ስዌም ስቱዋርት ከሆነ ዕቃው የ1880ዎቹና የ1890ዎቹ ዘመን ነው። ስቱዋርት ጎበዝ ሠሪና ከዚያም በላይ ጎበዝ ነጋዴ ነበር። የራሱን የባንጆ መጽሔት ያሳትም ነበር። ዓላማው ባንጆን ከሚንስትረል መድረክ አውጥቶ የጨዋ ነጭ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ማስገባት ነበር። ኒኬል ተለበጠ፣ አንገቱ በሚያብረቀርቅ ዛጎል ተጌጠ፣ የአውሮፓ ሙዚቃ በኖታ ተጻፈለት። የጥቁርነቱ ታሪክ ለሽያጭ ስለማይመች እሱም መጽዳት ነበረበት። መሣሪያው አፍሪካዊ አይደለም የሚለው ክርክር በዚህ ዘመን በደንብ ተሠራ።

ስቱዋርትን እንደ ተንኮለኛ ብቻ መሳል ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ስድብ የተለጠፈበትን ዕቃ ከስድቡ ለማላቀቅ ሞክሯል። ችግሩ ስድቡን ሲያላቅቅ ባለቤቶቹንም አብሮ ማላቀቁ ነው። ጥቁሮቹ ራሳቸው ደግሞ ከሚንስትረል ውርደት ለመራቅ ባንጆን እየተዉ ወደ ጊታር ሄዱ። በ1920ዎቹ የሸክላ ኩባንያዎች የጥቁር ሙዚቃና የገጠር ነጭ ሙዚቃ ብለው ገበያውን ሁለት ቦታ ሲከፍሉ ባንጆ በነጩ ወገን ቀረ። ውሎ አድሮ ጀፈርሰን በግርጌ ማስታወሻ እንደ ተራ እውቀት የጻፈው ነገር ሰው የሚስቅበት ወሬ ሆነ።

የአንገቱ ጥገናም የራሱ ወጥመድ አለው። የወዛው እንጨት በዲስቲልድ ውሃ በትንሹ በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል። የሙዚየም ባለሙያዎች ምራቃቸውን በጥጥ እንደሚጠቀሙ ቢነገር ማን ያምናል? ይጠቀማሉ፤ በምራቅ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ቆሻሻን በለዘብታ ይፈታል። የተሰነጠቀ እንጨት በሙቅ የቆዳ ኮላ ይያያዛል፤ ያ ኮላ ነገ በሙቀትና በእርጥበት ሊፈታ ይችላል፣ ኢፖክሲ ግን የመጨረሻ ነው። አንገቱ ጎን ላይ የተደፈነ ቀዳዳ ቢታይ መቃኛው ተነቅሎ አጭሯ ክር ተወግዳለች ማለት ነው፤ በጃዝ ዘመን አራት ክር ብቻ ያለው ባንጆ ፋሽን ሆኖ ነበር። ኤርል ስክራግስ ከ1945 ጀምሮ ባለ አምስት ክሩን እንደገና ካስወደደ በኋላ ደግሞ የ1920ዎቹ ባለ አራት ክር ባንጆዎች አንገታቸው እየተነቀለ ባለ አምስት ክር አንገት ተገጠመላቸው። እያንዳንዱ ዘመን ዕቃውን ለራሱ ጆሮ አስተካክሏል። ጠጋኙ የተደፈነውን ቀዳዳ እንዳለ ቢተወው ይሻላል።

በስተመጨረሻ ክር ይገባል። በስቱዋርት ዘመን የነበረው ክር የበገና ደርዳሪ የሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ከአንጀት የሚሠራ ጅማት። በዚያ አንገት ላይ የብረት ክር መወጠር እንጨቱን ያጎብጠዋል፤ ናይለን ወይም ጅማት መሳይ ክር ይበቃዋል። አዲስ ቆዳ የሚገጠም ከሆነ ተነክሮ፣ ለዝቦ፣ ከተገጠመ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይደርቃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከነእርጥበቱ ይወጥረውና ሲደርቅ ይቀደድበታል።

በ2005 በኖርዝ ካሮላይና ቡን ከተማ ጥቁር የባንጆ ተጫዋቾችና ተመራማሪዎች ተሰበሰቡ። ከዚያ ስብሰባ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው ቡድን ተወለደ፤ የ2010 አልበሙም ግራሚ አሸነፈ። የቡድኑ መሥራች ሪያነን ጊደንስ የምትታወቅበት ባንጆ የ1858 የሚንስትረል ዘመን መሣሪያ ቅጂ ነው፤ የስድቡን ዕቃ መልሳ አንሥታ ትጫወትበታለች። በ2024 ቢዮንሴ በለቀቀችው የካንትሪ ዘፈን መክፈቻ ላይ የሚሰማው ባንጆም የጊደንስ እጅ ነው። ያኔ በማኅበራዊ ሚዲያ ጥቁር ሴት ከካንትሪ ምን አላት ብለው የጠየቁ ብዙዎች ነበሩ።

በፓሪስ የሙዚቃ ሙዚየም ደግሞ ባንዛ የሚባል የቅል ባንጆ አለ። ፈረንሳይ በ1848 ባርነትን ስትሽር አዋጁን ያዘጋጀው ቪክቶር ሾልሸር ቀደም ብሎ በ1841 ገደማ ከሄይቲ ያመጣው ነው። ለረጅም ዘመን ማንም ልብ አላለውም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የባንጆ ተመራማሪዎች ሲያገኙት የቅሉን አቆራረጥ፣ የቆዳውን አያያዝ፣ የአጭሯን ክር ቦታ እየለኩ መመዝገብ ቻሉ። በዚያ ልኬት የተሠሩ ቅጂዎች ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ይጫወታሉ።